ደረስኩ፤ አታስቢ

ይህች ልጅ ምሳዋን በልታ ይሆን?

አሰጋሽ ሱዳን አገር፣ ሾዋክ ገበያ ውስጥ፣ ከዌካ ሻጮች መደዳ ጥግ ቆማ የሚያብሰለስላት ይኸው ነበር። ልታስብበት የሚገባው እንኳ ሌላ ነው። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ነገር አለ። ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ ጀለቢያ የለበሰ ሰውዬ አለ። እሷ ግን የምታስበው ሂያምን ነው። ልጅቷ ማሽኗ ፊት ከተቀመጠች ኪስራ እንጀራው እስኪደርቅ፣ ሙላሕ ወጡ እስኪረጋ አትነሣም። ሳህኑን ከድና፣ ሦስቴ አደራ ብላ ነው የወጣችው። አደራውን የሰማ ጆሮ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?

ሰማያዊው ጀለቢያ አሁንም አለ።

ከገዳሪፍ በመጣችበት ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ውሃ ሻጩ ጋ ስትቆም ቆሟል። አሁን ደግሞ ቴምር ይመርጣል። ቴምር የሚመርጥ ሰው ቴምሩን ያያል። ይሄ የሚያየው መንገዱን ነው።

ወገቧን ያዘች። «እህህ» ብላ አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የስድሳ ሦስት ዓመት ወገብ ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የትም ቢያሳርፉት ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጫማዋን አወለቀች። አራገፈች። የሌለ ጠጠር ፈለገች።

ሰውየው አልሄደም።

ከስደተኞች ቢሮ በኩል ሕፃን ያዘለች ሴት መጣችና ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። በትግርኛ ትቆጣው ጀመር። ሰውየው ቴምሩን ጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

ባል ነው። ሚስቱን ሲጠብቅ የነበረ ባል።

አሰጋሽ ትንፋሿን ለቀቀች። ተነሥታ አራተኛው መደብ ጋ ሄደች። ክንፈ ነጭ ቆብ ደፍቶ ከተፈጨው ዌካ ክምር ጀርባ ተቀምጧል። ላየው ሰው፣ ደረቅ ባሚያ እያስፈጨ የሚቸረችር አንድ የገበያ ሰው ነው።

«ዌካው የዘንድሮ ነው?»

«የዘንድሮ ነው እናቴ። አሸዋ ግን አያጣውም።»

«አሸዋውን እኔ አነፋዋለሁ። አንድ ጣሳ ስፈርልኝ።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የተጣጠፈ የሱዳን ጊኔ ጣሳው ውስጥ ወደቀ። በጊኔው የተጠቀለለችው ፍላሽም አብራ ወደቀች። አሮጊት ከነጠላዋ ጫፍ ገንዘብ ስትፈታ ማን ልብ ይላታል? ቢሮው «ቋጠሮ» ብሎ የሰየማትም ለዚሁ ነው። ክንፈ ደግሞ «ወንፊት» ነው። ቢሮው የማን እንደሆነ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አልተነገራትም። ለከፈለ ሁሉ ሰው የሚያስስ፣ ወሬ የሚለቅም ቢሮ ነው። እሷ የምታውቀው ይህን ያህል ነው።

«ሁሉም አለ?» አለ ክንፈ፣ ከንፈሩን ሳያላውስ።

«ማሽኑ ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ።»

«በይ ሂጂ።» ሰው በሌለበት አንቺ ነው የሚላት።

«የያረጋልስ ነገር?»

ዌካውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣት። «እየተጠየቀ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተጠየቀ ነው።

ያረጋል አንድ ልጇ ነው። በሃያ ዓመቱ፣ ለሰሊጥ አረም ብሎ ከጎንደር ወጣ። በመተማ አልፎ ሱዳን ገባ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። ክንፈ ያኔ ነው ቤቷ ድረስ የመጣው። «አንቺ ዐይንና ጆሮ ሁኝኝ፤ እኔ ልጅሽን እፈልግልሻለሁ» አላት። እሺ አለች። እናት ምን ትበል? ገዳሪፍ ሲልካትም «ልጇን ፍለጋ የመጣች ባልቴት ነሽ» ብሎ ሽፋን ሰጣት። ሽፋኑ እውነቷ ነበር። የተለወጠው ስሟ ብቻ ነው። እዚህ ሸጊቱ ትባላለች። የልጇንም ስም እንድትለውጥ ታዝዛ ነበር። አፏ አልታዘዝ አላት።

የተላከችበት ቤት ከገበያው ኋላ ነው፤ ሰማያዊ በር ያለው፣ በረንዳው ላይ «ደረስኩ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት። የሂያምና የወንድሟ የሙዓዊያ ቤት ነው። አባታቸው ከጎንደር መጥቶ ዕድሜውን ገዳሪፍ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነበር። እሱ ሲሞት ሂያም ጨርቁን ከመደርደሪያው አውርዳ ኮምፒውተር ደረደረችበት። ዘመድ አዝማድ «ልጅቷን ነካት» አለ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። በየክረምቱ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለአረምና ለአጨዳ ይሻገራል። ከጋላባት ባሱንዳ፣ ከባሱንዳ ወዲያ እስከ የት እንደሚበተን አይታወቅም። እናት ቤቷ ቁጭ ብላ ሰማይ ታያለች። የሂያም ፕሮግራም የተሠራው ለዚህ ነው። ሠራተኛው እርሻው ሲደርስ የእርሻው ጸሐፊ ስሙንና የቤተሰቡን ስልክ ያስገባል። ወዲያው ለቤተሰቡ መልእክት ይሄዳል። ባለ እርሻውም ማን እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጠፋ ያውቃል። ዝርዝሩ በየእርሻው ማሽን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቁልፉ የእርሻው ነው። ሂያም ራሷ እንኳ አታየውም።

አሰጋሽ ምግብ አብሳይ ሆና ገባች። የቤቱን ሰዓት አጠናች፤ ማን መቼ እንደሚሰግድ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ ሂያም የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ጣቷ የት የት እንደሚያርፍ። አራት ወር ፈጀባት። የአራት ወሩ ምርት ያቺ ክንፈ ጣሳ ውስጥ የወደቀችው ፍላሽ ናት።

ከሾዋክ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ሙዳሲር የሚባል ሰው ከካሰላ መጣ። ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«የእናንተን ፕሮግራም ፈልጌ ነው። ካሰላ ላይ እኔም በዚሁ ሥራ ሱቅ ልከፍት ነው።»

አሰጋሽ ከርከዴ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ሰማችው። አሁን ነው በጆሮው ይዘው የሚያስወጡት፣ ብላ ጠበቀች።

«ፍላሽ ይዘሃል?» አለችው ሂያም።

ያዘ። ገለበጠችለት። አጠቃቀሙን አስረዳችው፣ ከርከዴውን አጠጣችው፣ በር ድረስ ሸኘችው።

አሰጋሽ ትሪውን እንደያዘች ወደ ልጅቷ ቀረበች።

«ሂያም፣ ልጄ፣ ለምን ሰጠሽው?»

«ክፍት ነው እኮ ሐቦባ።» ልጅቷ አያቷን እንደምትጠራ ነው ሐቦባ የምትላት። «ለጠየቀ ሁሉ ነው። ኢንተርኔትም ላይ ተቀምጧል። ወላሂ ከፈለግሽ አንቺም ውሰጂ።»

አንቺም ውሰጂ! አራት ወር ሙሉ ለጠየቀ ሁሉ የሚታደል ነገር ስትሰርቅ ኖራለች። ትሪውን አስቀምጣ ግድግዳ ተደገፈች።

«እኔም እንደ እርስዎ ነው የደነገጥኩት እማማ» አለ ሙዓዊያ። «በነጻ እያደልሽ ምን ልንበላ ነው አልኳት።»

«እሺ፣ ምን አለችህ?»

«አንተን እሸጥሃለሁ አለችኝ።»

«የሚገዛ ጠፋ እንጂ!» አለች ሂያም እየሳቀች። «ስሚኝ ሐቦባ። ፕሮግራሙን ማንም ይወስዳል። ዝናብ ማሽኑን ሲያበላሽበት፣ ጸሐፊው ሲሳሳትበት፣ ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ሲመጣበት ግን ለማን ነው የሚደውለው? ለእኔ። እርሻዎቹ የሚከፍሉን ለዚያ ነው። ሙዳሲር ደግሞ ካሰላ ላይ ያሻሻለውን መልሶ ያመጣልኛል። ትግርኛውን የጨመረልኝ እኮ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው፤ ካምፕ ውስጥ ያለ አስተማሪ። ተማም?»

ሐቦባ «ተማም፣ እሺ» አለች። አንድ እርሻ ይዘው የጀመሩት ሥራ በሦስት ዓመት አርባ አንድ እርሻ ሆኗል። አንዱንም በመደበቅ አላገኙትም።

የቤቱ ሕግ ሁለት ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን የለወጠ ስሙን ይጽፋል፤ የተጻፈ ስም አይፋቅም። ሁለተኛው የሐሙስ ንባብ ነው። የየእርሻው ጸሐፊዎች ሐሙስ ገበያ ሲወጡ እግረ መንገዳቸውን ይመጣሉ። የዐስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ሂያም የሳምንቱን ለውጥ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ የማሽኑን ቋንቋ በሰው ቋንቋ እየፈታች። የሰሙትን ካልወደዱ ይከራከራሉ። እነሱ ሳይሰሙት ወደ እርሻ የሚወጣ ነገር የለም።

አሰጋሽም በአንዱ ሐሙስ አፏን ከፍታ ነበር። መልእክቱ ያኔ «የተመዘገበው ሠራተኛ በሰላም ደርሷል» ነበር የሚለው።

«ይሄ የፖሊስ ወሬ ነው» አለች። «እናት ይሄን ስታነብ ልቧ ይቆማል።»

«ታዲያ ምን ይበል ሐቦባ?»

«ደረስኩ፤ አታስቢ። በቃ።»

ሂያም ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ፊደሉን በአንድ ጣቷ ለቅማ ራሷ እንድትጽፈው አደረገች። ከሥሩ «ሸጊቱ» የሚል ስም ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአርባ አንድ እርሻ በሚወጣው መልእክት ሁሉ የእሷ ቃል ይሄዳል። ለእሷ ግን እንዲህ ብሎ የጻፈላት የለም።

ክንፈ ገዳሪፍ ድረስ መጣ። ሰሊጥ ከሚጫንበት ሜዳ፣ ከአንድ የቆመ መኪና ጥላ ሥር አገኛት። ተቆጥቷል።

«ያመጣሽው ቅርፊት ነው። አንድ የሰው ስም የለበትም።»

«ዝርዝሩ በየእርሻው ነው የተቆለፈው። ፕሮግራሙ ደግሞ ክፍት ነው። ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ።»

«ዋናውን በነጻ የሚሰጥ ሰው የለም። ደብቀውሽ ነው።»

«አልደበቁም ክንፈ። የሚደብቁት ነገር የላቸውም።»

አልሰማትም። መስማትም አይችልም። ዕድሜውን የበላው መደበቅ ነው። ከኪሱ ሌላ ፍላሽ አወጣ።

«ወራሹን ታስታውሻለሽ?»

እንዴት ትረሳለች? ሥራው ሲጀመር ነግሯታል። ታከለ የሚባል የመጋዘን ጠባቂ ነው። ውርስ ደርሶት ሳያውቅ በረሃ ገብቷል። እናቱ ዕፀገነት እያለቀሰች ታፈላልገዋለች። አሰጋሽ ለዚህች ለማታውቃት እናት ስትል ነው ከእስከ ዛሬው ሥራ ሁሉ ይህንን በሙሉ ልቧ የያዘችው።

«ይህን ማሽኗ ላይ ትሰኪያለሽ» አለ ክንፈ። «የሚጠይቅሽን እሺ ትያለሽ። ከዚያ ወዲያ ታከለ በየትኛውም እርሻ ቢመዘገብ ቦታው ለእኔ ስልክ ይመጣል። ለቤተሰቡ መልእክት አይሄድም።»

«ለእናቱስ?»

«ለማንም።»

«እናቱ አይደለች የምትፈልገው?»

ክንፈ ፍላሿን መዳፏ ላይ አኖረ፤ ዐይኗን ግን አላየም።

አሰጋሽ ገባት። ልጇን የምትፈልግ እናት፣ ልጅሽ ደረሰ የሚለውን ወሬ አስቀሩብኝ ትላለች እንዴ? ይህን ለመረዳት ስለላ መማር አያስፈልግም። አንድ ልጅ መውለድ ይበቃል።

«ምን አድርጎ ነው?»

«ኅዳር ላይ ፍርድ ቤት የሚቆም ምስክር ነው። እንዳይቆም የሚሹ ሰዎች አሉ። በቃሽ?»

በቃት።

«ማሽኑ የለዋጩን ስም ሲጠይቅ የሂያም ስም ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እንዳትነኪው። ነገሩ አንድ ቀን ቢወጣ የምትጠየቀው እሷ ትሁን።»

ከደረት ኪሱ ቡናማ ፖስታ አወጣ። የታሸገ ነው። ላዩ ላይ «ያረጋል» የሚል ተጽፏል።

መኪናውን ያዘች።

«ሕይወት አለው?»

«ሥራው ሲያልቅ።»

«ክንፈ፣ በእናትህ…»

«ሥራው ሲያልቅ አልኩ። ሐሙስ ዐስር ሲሰግዱ ክፍሉ ባዶ ነው ብለሻል። ያኔ ይሁን። እኔ ማዶ ሻይ ቤቷ ጋ እጠብቃለሁ። ስትጨርሺ መጋረጃውን ዝጊልኝ። ፖስታውን ትወስጃለሽ።»

«ከሰላቱ በኋላ እኮ ንባብ አለ። ለውጡን ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡታል።»

ክንፈ ሳቀ። «የኮምፒውተር ፕሮግራም ጮክ ብሎ የሚያነብ? ተይ እንጂ ቋጠሮ፣ አርጅተሻል።»

አንድ ጊዜ ነገረችው። ሁለተኛ አልነገረችውም።

ሐሙስ ደረሰ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫል። ጸሐፊዎቹ ግቢው ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ለሰላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጋሉ። ከባሱንዳ በኩል ያለው እርሻ ጸሐፊ ታምሬ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ሲሰግዱ በረንዳው ላይ ሻዩን ይጠጣል። ሂያም ለመስገድ ጓዳ ገባች።

አሰጋሽ ማሽኑ ፊት ቆመች።

በመስኮቱ ማዶው ይታያል። ክንፈ ሻይ ቤቷ ጋ ተቀምጧል። ከፊቱ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው አጠገብ ቡናማው ፖስታ።

ፍላሿን ሰካች።

ለምን አልጣለቻትም? ሦስት ሌሊት አስባበታለች። ብትጥላት ክንፈ ሌላ እጅ ይልካል፤ ታከለም ሳያውቅ ይያዛል። ለሂያም ትንገራት? ምን ብላ? እኔ ሌባ ነኝ፣ ግን እመኚኝ? የአፍ ቃል ይካዳል። እዚህ ማሽን ውስጥ የገባ ግን አይካድም። ይነበባል። ካሰላም መተማም ይደርሳል።

ማሽኑ ጠየቀ። እሺ አለች። እንደገና ጠየቀ። እሺ አለች።

ለዋጭ፦ ሂያም።

በአንድ ጣቷ ፋቀችው። የሴቶች የማታ ትምህርት ያስቆጠራት ፊደል ለዚህ ቀን ኖሯል። ፊደሎቹን ትፈልግ ጀመር። «አ» የት ነበረች? ይኸው። «ሰ»። ጣቷ ላብ አውጥቷል። የቢሮው የመጀመሪያ ትእዛዝ ስምሽን የትም አትጻፊ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስሟን የትም አልጻፈችም።

«እማማ!»

ታምሬ በሩ ላይ ቆሟል።

«ክብሪት ይኖርዎታል?»

በጀርባዋ ማሽኑን ከለለችው። «ምድጃው ላይ አለ። ራስህ አንሣ፣ ወገቤ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

«ወገብዎ ደግሞ ዘወትር ሐሙስን ይጠብቃል!» ሳቀና ሄደ።

ከጓዳው የሂያም የመጨረሻ ሰላምታ ተሰማ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ሰላቱ አለቀ።

ሦስት ፊደል ቀራት። ሁለት።

ጻፈችው። ፍላሿን ነቀለች። ቋጠረቻት። መጋረጃውን ዘጋች።

ማዶ ያለው ሰው ይህን አይቶ ፈገግ ብሎ ይሆናል።

ጸሐፊዎቹ ገብተው ተቀመጡ። አሰጋሽ እንደ ወትሮዋ በጓዳው በር አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ ሆነች። ሂያም ማንበብ ጀመረች። የካሰላው ሙዳሲር ቀኑን በሁለት አቆጣጠር የሚያሳይ ነገር ልኳል። ተጨበጨበለት። አንድ ጸሐፊ የታመመ ሰው የሚመዘገብበትን ቦታ አስፍቷል። ትንሽ ተከራከሩበት።

«ሌላ ደግሞ… ይሄ ምንድነው?» አለች ሂያም።

ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበች።

«ስሙ ታከለ ከሆነ፣ ለቤተሰብ የሚሄደውን መልእክት አስቀር። የእርሻውን ቦታ ለዚህ ቁጥር ላክ።»

ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ታምሬ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ማሽኑን ሲያይ እሱ ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ። አሰጋሽ ጋ ሲደርስ ጫማውን እንደሚያጠብቅ ጎንበስ አለ።

«ታከለ እኔ ጋ ነው ያለው እማማ» አለ በጆሮዋ። «ሳይመሽ ሌላ ቦታ አደርሰዋለሁ።» እሷ መሆኗን አላወቀም። ዐይኗ እንባ ማቅረሩን አይቶ ነው። ሞተር ብስክሌቱ ተነሥቶ በባሱንዳ መንገድ ሲርቅ ተሰማ።

«ማነው ይህን ያስገባው?» ሙዓዊያ ጮኸ። «ስሙን አንብቢው!»

ሂያም አነበበች። ድምፁ ከእሷ የወጣ አይመስልም።

«ለዋጭ፦ አሰጋሽ፣ የያረጋል እናት።»

ያረጋልን በዚህ ቤት የማያውቅ የለም። በመጣ በሄደው ሁሉ ስሙን ስትጠይቅ ሰምተዋታል። የሰው ሁሉ ፊት ቀስ ብሎ ወደ በርጩማው ዞረ።

ሙዓዊያ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ከማሽኑ ላይ እያየ መታው። ጆሮው ላይ አደረገው።

ከማዶ ስልክ ጮኸ።

ሙዓዊያ መጋረጃውን ገለጠው። ክንፈ ሻይ ቤቷ ጋ ተቀምጦ የሚጮኸውን ስልኩን ያያል። ቀና አለ። በመስኮቱ ሙሉ ሰው ሲያየው አየ። ዐሥራ ሁለት ጸሐፊ፣ ዐሥራ ሁለት እርሻ። ነገ አርባ አንድ ይሆናል። ይህ ፊትና ይህ ቁጥር ከእንግዲህ በዚህ አገር አይሠሩም።

ከእነሱ መካከል አሰጋሽን ፈለጋት። አገኛት።

ዐይኑን ከዐይኗ ሳይነቅል ፖስታውን አነሣ። ሻይዋ የተጣደችበት ከሰል ላይ አስቀመጠው።

ወረቀቱ ጠቆረ። ተቆለመመ። ነደደ።

ክንፈ ረክሻ ባጃጅ ውስጥ ገባና ጠፋ። ፖስታው ውስጥ አድራሻ ይኑር ባዶ ወረቀት፣ አሰጋሽ ዕድሜዋን ሙሉ አታውቀውም።

ጸሐፊዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ማንም ደህና ዋይ አላላትም። ሦስቱ ብቻ ቀሩ።

«ስምሽ ሸጊቱ አይደለም?» አለች ሂያም። ሐቦባ አላለችም።

«አይደለም።»

«ያረጋልስ?»

«ያረጋል ልጄ ነው። እሱ እውነት ነው።»

«ፖሊስ ልጥራ?» አለ ሙዓዊያ። «ቤታችን ውስጥ! አብረን ስንበላ!»

ሂያም ወደ ማሽኑ ዞራ ጻፈች። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው።

«ለውጡን አውጥቼዋለሁ» አለች። «ስሙን ግን አልፍቅም። የተጻፈ ስም አይፋቅም።»

እንግዲህ ስሟ ይኖራል። ካሰላ ይሄዳል፣ መተማ ይሄዳል፣ ፕሮግራሙን የሚወስድ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ክንፈም ያየዋል፤ ቢሮውም ያየዋል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ መጥፋት አለባት። ምናልባት፣ በአንዱ አገር፣ አንድ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ ያየው ይሆናል። ምናልባት።

ጓዳ ገባች። ሳህኑ እንደከደነችው ነው። ልጅቷ አልበላችም። አሰጋሽ ሙላሑን አሞቀችው። ኪስራውን ውሃ ረጭታ አለሰለሰችው። ወስዳ በሂያም ክንድ አጠገብ አስቀመጠችው። ብዪ ልትላት አፏ ድረስ መጣ። መለሰችው።

የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ፍላሿን ከሳህኑ አጠገብ አኖረቻት። ባዶውን ጫፍ መልሳ ቋጠረችው፤ ልማድ ነው። ውጭ፣ ወደ ሐምዳይት የሚሄደው መኪና ሰሊጥ አጫጆችን ይጭናል። እዚያ ላይ አንዲት አሮጊት ብትጨመር ስሟን የሚጠይቃት አይኖርም።

ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የሳህን ክዳን ሲነሣ የሰማች መሰላት። መሰላት ብቻ ይሁን፣ እውነት ይሁን፣ ዞራ አላየችም።

ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።